ስድስት ቁጥር የሆነው ሻዬ

በጠዋት ሻዬን የሚቀሙኝ ሁለት ሰዎች አሉ። ቀማኞች እንዳይመስሏችሁ፤ የአርሰናል ደጋፊዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን ቆሰበር ገና ከጭጋጓ ሳትወጣ፣ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ከአስፋልቱ ዳር ወዳለችው ሻይ ቤት ጎራ እላለሁ። የቆሰበርን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። እዚህ አገር ሻይ መጀመሪያ የሚጠጣው በእጅ ነው፤ መዳፍ ሲጠግብ ነው ተራው ለአፍ የሚደርሰው። እኔም ብርጭቆዬን በሁለት እጄ አቅፌ፣ መዳፌ ጠግቦ፣ አንድ ጊዜ ፉት ልል አፌን ሳሞጠሙጥ፣ አንድ ወፍራም እጅ ከጎኔ ይመጣና ብርጭቆዬን ከነሙቀቷ አንስቶ ጠረጴዛው መሃል ያቆማታል።

«ይኸውልህ» ይላል የእጁ ባለቤት፣ ድንች ነጋዴው። የሚያየው እኔን አይደለም፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን መምህር ነው። «ይሄ ዣካ ነው እንበል።»

እንበል ይላል እንጂ ማንም እንዲል አይጠብቅም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሻዬ ዣካ ነው።

ጠረጴዛችን ሜዳ ከሆነ ሰንብቷል። የስኳር ዕቃው ጎል ነው። የስቴኪኒ ማስቀመጫው በረኛ ነው፤ ጸጉሩ ስለቆመ ያምርበታል። ማንኪያዎቹ በግራና በቀኝ የሚመላለሱ ተከላካዮች ናቸው። መተርኮሻው መሃል ተከላካይ ነው፤ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይዞርም፣ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን የሚጥለው እሱ ላይ ነው። አማካይ ሲፈለግ ነው እንግዲህ ወደ እኔ ብርጭቆ የሚመጡት።

«ለምን የራስህን አታቆምም?» አልኩት አንድ ቀን፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

«የእኔ ባዶ ነው» አለኝ፣ ባዶነቱ የእኔ ጥፋት እንደሆነ ሁሉ። «ባዶ ብርጭቆ ዣካን አይሆንም። ዣካ ክብደት ያለው ሰው ነው።»

ባዶውን ብርጭቆ የሚያቆመው ለኦዚል ነው። መምህሩን የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ የምታውቁ ታገሱኝ። የውጭውን ኳስ ዓመት እንደ ፈረንጆቹ፣ የራሳችንን እንደ ራሳችን እቆጥራለሁ፤ እንዳትሳሳቱብኝ። ሜሱት ኦዚል በ2013 በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከሪያል ማድሪድ ወደ አርሰናል መጣ። በዓመቱ ከጀርመን ጋር የዓለም ዋንጫ አነሳ። በ2015/16 በሊጉ ብቻ 19 ጎል የሆኑ ኳሶችን ለጓደኞቹ አቀበለ። በ2016 ደግሞ ግራኒት ዣካ ከጀርመን መጣ። ኦዚል ኳስ ሲያቀብል ሰውነቱ ገና ከእንቅልፉ የነቃ ይመስላል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ሰው የማያየውን ያያል። ዣካ ደግሞ ስድስት ቁጥር ነው፤ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ይረግጣል፣ ይገፋል፣ ይጮኻል፣ አልፎ አልፎም ቀይ ይበላል።

ሁለቱም አማካይ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ማልያ ተጫውተዋል። ድንች ነጋዴውና መምህሩም የሚደግፉት ያንኑ አንድ ቡድን ነው። የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ ቢጣላ ያባት ነው፤ ሰፈርና ሰፈር ነው። የአንድ ቡድን ሁለት ደጋፊ ሲጣላ ግን የወንድማማች የመሬት ክርክር ይሆናል፤ ድንበሩ ስንዝር ነው፣ ነገሩ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ኦዚል በ2021 ወደ ቱርክ ሄደ፤ ኳሱንም አቁሞ ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ዣካም በ2023 ወደ ሌቨርኩሰን ሄደ። ሁለቱም አርሰናልን ጥለው ሄደዋል ማለት ነው። ክርክራቸው ግን ቆሰበር ላይ ኮንትራቱን አራዝሟል።

እኔ የምለው፣ ሰው የሚወደው አማካይ ራሱን ሳይሆን አይቀርም። ድንች ነጋዴው ሌሊት ይነሳል። ጭቃ ውስጥ ቆሞ ጆንያ ያስጭናል። አይሱዙው ሞልቶ ወደ ባሕር ዳር ሲነሳ እሱ እዚያው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ ጥብሱን የሚበላው ሰው ስለ ድንቹ ጣዕም ያወራ ይሆናል እንጂ ስለ እሱ አያወራም። እንዲህ ያለ ሰው ዣካን ባይወድ ነበር የሚገርመኝ።

መምህሩ ደግሞ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ተማሪዎቹ ማጥፋት ያሳዝናቸዋል ይባላል። የሰፈራችን አጥር በዝናብ የወደቀ ጊዜ ሁላችንም ቀርከሃ ስንሸከም፣ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ አጋደለ» አለን። ተናደድን። ስናየው ግን እውነትም ወደ ግራ አጋድሎ ነበር። ኦዚል ማለት ይኸው ነው፤ አይሸከምም፣ ግን ልክ ነው።

ክርክሩ ሲጋጋል ድንች ነጋዴው ሁልጊዜ የሚመዘው አንድ ቀን አለ። ኦክቶበር 27 ቀን 2019፣ አርሰናል ከክሪስታል ፓላስ። ዣካ አምበል ነበር። ተቀይሮ ሲወጣ የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት፤ እሱም ማልያውን አውልቆ ገባ። አምበልነቱን ተቀማ። ይሄን ሲናገር ድንች ነጋዴው ድምፁ ይለወጣል፤ በስታዲየሙ ውስጥ የነበረና ከጩኸቱ ድርሻ የደረሰው ይመስላል።

«አራት ዓመት ቆየ» ይላል ጣቱን እያወጣ። «አልሄደም። አንገቱን ደፍቶ ሠራ። ሲሄድ የመጨረሻ ጨዋታው ላይ ሁለት ጎል አስቆጥሮ፣ እነዚያው ሰዎች ስሙን እየዘመሩ ሸኙት። ጀርመን ሄዶ በዓመቱ ሌቨርኩሰን አንድም ሳይሸነፍ ሊጉን በላ። በታሪኩ የመጀመሪያው ነው! አሁን ኦዚልህን አምጣ።»

መምህሩ ባዶውን ብርጭቆ በአንድ ጣቱ ቀስ አድርጎ ያንሸራትተዋል። ብርጭቆው በመተርኮሻውና በማንኪያው መሃል አልፎ የስኳር ዕቃው ሥር ይቆማል። ማንንም አልነካም። መምህሩ ምንም አይልም። እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል።

የእኔ ሻይ ይህን ጊዜ ለብ ብሏል።

ከበሩ አጠገብ ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ የምትነካው ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። በጎልማሳነታቸው ፈረስ ጋላቢ ነበሩ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበር ያለው የአዊ ፈረሰኛ፣ ጥር 23 ቀን በመጣ ቁጥር እዚሁ እንጅባራ ላይ ተሰብስቦ በዓድዋ ፈረስ የዋለውን ውለታ ያስባል፤ ይጋልባል፣ ይሸመጥጣል። እኒህ ሰው ዛሬ ጉልበታቸው ደክሞ አይጋልቡም እንጂ ፈረስ ሲያልፍ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ።

አንድ ቀን ክርክሩን ሰምተው ሰምተው «ይሄ ኦዚል ያላችሁት ልጅ» አሉ፣ «ዳገት ላይ እንዴት ነው?»

«አባባ፣ ሜዳው ዳገት የለውም» አለ መምህሩ በትሕትና።

«ዳገት ከሌለውማ ምኑን አወቃችሁት?»

ድንች ነጋዴው በደስታ ጉልበቱን መታ። ሽማግሌው ግን ለእሱም አልራሩለትም። «አንተም አትሳቅ። የጭነት ፈረስ ብቻ ይዞ ጥር 23 የወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ፈረሱ እንዲያይለት ሳይሆን እንዲታይለት ነው ሰው የሚወጣው። ኮርቻው አጊጦ፣ ልጓሙ አብረቅርቆ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እርምጃውን ሲጥል እኮ ሽማግሌ ያስለቅሳል።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። «በማግሥቱ ድንች የሚጭነው ግን ያ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ተረቱ መጣ፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።»

ሁለቱም እኩል ተንደረደሩበት። «ይኸው!» አለ መምህሩ፣ «ኦዚል አደረሰ፤ አጥቂው ካልተዋጋ እሱ ምን ያድርግ?» «ይኸው!» አለ ድንች ነጋዴው፣ «አድራሹ ዣካ ነው፤ ያንተማ ከመንገድ ነው የተሳፈረው!» አንድ ተረት ሁለት ጠበኞችን ያለ አድልዎ ሲያገለግል ያየሁት ያን ቀን ነው። ጠበቃ ቢሆን ከሁለቱም ያስከፍል ነበር።

የሽማግሌው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ስለ ማኬሌሌ አነሳሁላቸው። ነገርን ነገር ያነሳዋል። ክሎድ ማኬሌሌ የሪያል ማድሪድ የጭነት ፈረስ ነበር። ዚዳንና ፊጎ ሲያጌጡ ከኋላ ሆኖ የሚሸከመው እሱ ነው። በ2003 ደሞዝ ጨምሩልኝ አለ። እምቢ አሉት። በዚያው ክረምት ቤካምን አመጡ፤ ማኬሌሌን ለቸልሲ ሸጡ። ኮርቻው ላይ ሌላ ጌጥ ጨምረው ፈረሱን ሸጡት እንደማለት ነው። በዓመቱ ማድሪድ በሊጉ አራተኛ ወጣ። እስከ 2007 ድረስም የስፔንን ሊግ አላየውም። ቸልሲ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ2005 ሊጉን በላ፣ በ2006 ደገመው። እንግሊዞችም ከተከላካዮች ፊት ያለውን ያን ቦታ በሰውየው ስም ጠሩት፤ የማኬሌሌ ቦታ።

ይህን ስናገር በኩራት ነበር፤ ክርክሩን የዘጋሁት መስሎኛል።

«ጥሩ» አለ ድንች ነጋዴው። ከዚያ ሽማግሌው ለማሞቅ በእጃቸው የያዙትን ብርጭቆ በዓይኑ ፈለገ፤ አፈረና ተወው። በምትኩ ለእኔ የመጣውን ሁለተኛ ሻይ አነሳ። «ይሄ ማኬሌሌ ነው እንበል።»

በራሴ አፍ ሁለተኛውን ሻዬን አስበላሁት።

አንዳንዴ ራሴን እታዘባለሁ። በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። እኛም ለንደን ስላለ አጎታችን ስናወራ እንውላለን። ዘንገና ሐይቅ ዳር ቆሞ ውሃውን ትቶ በስልኩ የአርሰናልን አሰላለፍ የሚያይ ወጣት አይቻለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ አርሰናል ሊጉን ከበላበት ከ2004 በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ በሊጉ ዋንጫ ቀን የሰማዩን ላም ለማለብ ባልዲ ይዘን ስንወጣ ስንገባ ቆየን።

አባታችንን ያስታወስነው በ2005 ዓ.ም. ነው።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ ተሰለፉ። ተጋጣሚያችን ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ጎል ገባብን። በቃ ተበላን ስንል አዳነ ግርማ በአሥር ሰው አቻ አደረገን።

በዚያን ጊዜ፣ ኦዚልም ዣካም ወደ አርሰናል ገና ሳይመጡ፣ የሁለቱ ሰዎች ክርክር የአገር ልብስ ለብሶ ነበር። መምህሩ «ምንያህል ተሾመ» አለ። ድንች ነጋዴው «ሽመልስ በቀለ» አለ። ያኔም ሁለቱም አማካይ፣ ያኔም አንድ ማልያ። ማን ኳስ ይዞ ይወጣል፣ ማን ይመለሳል፣ ማን ሰንጣቂውን ይሰጣል፣ ማን ለማን ብሎ ይሮጣል። የእኔ ሻይ ያን ሰሞን አንድ ቀን ሽመልስ፣ አንድ ቀን አዳነ ነበር። አገርህ ሲሆን አይከፋም፤ ቀዝቅዞም ይጠጣል።

ሽማግሌው ግን አንዱንም አልተቀበሉ። «አማካይ አንድ ነው» አሉ። «ሉቻኖ ቫሳሎ።»

ይሄኛው ክርክር አይመለስም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አምበሉ አማካዩ ሉቻኖ ነበር። ከግርማዊነታቸው እጅ ዋንጫ የተቀበለ ሰው ነው። ጎልም አስቆጥሯል፤ ወንድሙ ኢታሎም፣ መንግሥቱ ወርቁም። ልብ በሉልኝ፤ ጥር 13 ቀን 1954፣ ጥር 13 ቀን 2005። ቀኑ አንድ ነው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው አልተደነቁም። «ቀኑማ ይመለሳል» አሉ፣ «ሰውየው ነው የማይመለሰው።»

በቡርኪና ፋሶ አራት ገባብን። ጥር 21 በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን። በሁለተኛው ቀን ጥር 23 ነበርና የቆሰበር ሰው እንባውን ጠርጎ ፈረስ ሊያይ ወጣ። መጽናኛ ያለው አገር እድለኛ ነው።

ዋናው ነገር የመጣው ግን በሰኔ ነው።

ለ2014ቱ የብራዚል የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እየተጫወትን ነበር። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሰኔ 9 አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካ መጣች። በርናርድ ፓርከር አስቆጠረብን፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ ከዚያ ያው ፓርከር በራሱ ግብ ላይ አስቆጥሮ 2 ለ 1 አደረገልን። 13 ነጥብ! አንድ ጨዋታ እየቀረ ምድቡን በላን ተባለ።

ቆሰበር ያን ቀን የባጃጅ ጡሩምባ፣ የጋሪ ደወልና የሰው ጩኸት ተደባልቆ ሌላ ከተማ ሆነች። ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ ዘለልኩ። መምህሩ፣ ያ እጁን ከኪሱ የማያወጣው መምህር፣ ጭቃ ላይ ተንበረከከ።

ደስታው ሳይበርድ፣ በዚያው ዕለት፣ ፊፋ ወሬ አመጣ። ኢትዮጵያ ቦትስዋና ላይ መጫወት የማይገባውን ተጫዋች አሰልፋለች፤ ጉዳዩ እየተመረመረ ነው።

ተጫዋቹ ምንያህል ተሾመ ነበር። ግንቦት 26 ቀን 2004 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስንጫወት አንድ ቢጫ አየ። መጋቢት 15 ቀን 2005 ከቦትስዋና ጋር ሌላ ቢጫ አየ። አንድና አንድ ሁለት ነው። ሁለት ቢጫ ያለው ሰው ቀጣዩን ጨዋታ ያርፋል። እሱ ግን ተሰለፈ። በሁለቱ ቢጫዎች መካከል አሥር ወር ገደማ አለ፤ አሥር ወር እንኳን ቢጫ ካርድ፣ ብድርም ያስረሳል።

ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ፊፋ ውጤቱን ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ። ለነገሩ ብቻችንን አልነበርንም፤ ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ ነገር ተይዘዋል። ግን በሰው ዕዳ የራስ ዕዳ አይቀልም።

አሁን ቆም ብላችሁ ስሙን አንብቡት። ምንያህል። ምን ያህል? የልጁ ስም ራሱ ጥያቄ ነው! ማልያው ላይ ያለውን ስም ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ሰው ቢኖር፣ ማን ያውቃል፣ ሌላው «ሁለት» ብሎ ይመልስለት ነበር።

ልጁ ምን አጠፋ? ተሰለፍ ተባለ፤ ተሰለፈ። አማካይ ሥራው መጫወት ነው፤ መቁጠር የሌላ ሰው ሥራ ነው። እውነቱን ካወራን ደግሞ እኛስ? እኔ በበኩሌ እንጀራዬ መቁጠር ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ወንበርና ጠረጴዛ ስቆጥር ነው የኖርኩት። ሁለቱንም ጨዋታዎች አይቻለሁ። ምንያህል ከሽመልስ ይበልጣል አይበልጥም በሚለው ላይ ስንት ጠዋት አቃጥለናል። ግራ እግሩን እናውቃለን፣ ቀኝ እግሩን እናውቃለን፣ ኳስ ሲያቆም ትከሻውን እንዴት እንደሚሰብቅ እናውቃለን። ቢጫው ስንት እንደሆነ ከመካከላችን የጠየቀ የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በነጋታው ሻይ ቤቱ ውስጥ ድንች ነጋዴው መምህሩ ላይ ይጨፍራል ብዬ ጠበቅኩ። «ያንተ ሰው» ሊለው ይችል ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ እንደነበረ አያለሁ። ዝም አለ። የመምህሩን ሻይ ስኳር አማሰለለትና ፊቱ አደረገለት። ብርጭቆ ሳይነሳ፣ ማንኪያ ሳይሰለፍ የዋለ ብቸኛው ጠዋት ያ ነው። ሻዬን ትኩሱን ጠጣሁ፤ አልጣመኝም።

ጳጉሜ 2 ቀን ብራዛቪል ላይ የመጨረሻውን ጨዋታ ከመካከለኛው አፍሪካ ጋር ተጫወትን። ቀድመው አስቆጠሩብን። አቻ ያደረገን ማን ይመስላችኋል? ምንያህል ተሾመ። ከዚያ ሳላዲን ደገመ፤ 2 ለ 1። ነጥባችን ተመልሶ 13 ሆነ፤ ምድቡንም በላን። ያቺ ጎል ስትገባ ሻይ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የዘለለው መምህሩ አልነበረም። ድንች ነጋዴው ነው። መምህሩን በሁለት ጉንጩ ስሞ «ዕዳውን ከፈለ!» አለ።

ከዚያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋን ብራዚል ቀረ። እሱ ሌላ ወግ ነው፤ ሻዬን የማልቀማበት ቀን እነግራችኋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሻይ ቤቷ ባለቤት ሳልነግራችሁ መቅረቴ ልክ አይደለም። እትዬ ኳስ አይወዱም። ማን ከማን እንደሚጫወት አያውቁም። ዣካ የሰው ስም ነው ብሎ ያስረዳቸው የለም፤ የእኔን ብርጭቆ ስም ነው ብለው የሚያስቡ ይመስለኛል። ጓዳው በር ላይ ግን በክር የተንጠለጠለች ደብተር አለቻቸው። ብርጭቆ በወጣ ቁጥር አንድ ጭረት ይጭራሉ። አራት ጭረት ቆሞ አምስተኛው ይተኛበታል። ጠዋት ያስጻፈ ሰው ማታ ቢክድ ደብተሯ ትመሰክራለች። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጭረት ስታ አታውቅም።

ያን ሰኔ ስንቆጭ የከረምነውን ሰምተው «ምንድን ነው እንዲህ ያንገበገባችሁ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። መምህሩ አንድ በአንድ አስረዳቸው፤ ቢጫው፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ አሥሩ ወር፣ ሦስቱ ነጥብ። እትዬ ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙና «ደብተር የላቸውም?» አሉ። ብዙ ተንታኝ ሰምቻለሁ፤ ከዚህች የበለጠች ጥያቄ አልሰማሁም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ስነሳ እንደ ልማዴ ሒሳብ ጠየቅኩ።

«አራት» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ሁለት ነው እኮ የጠጣሁት!»

ደብተሯን ከክሯ ሳይፈቱ ወደ እኔ አዞሯት። አራት ጭረት ቆሟል።

«ሁለቱን ጠጥተሃል፣ ልጄ» አሉ። «ሁለቱ ተጫውተዋል።»

ዞር ብዬ ጠረጴዛውን አየሁ። ዣካና ማኬሌሌ ከስኳር ዕቃው ፊት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ እስከ አንገታቸው ሞልተው፣ ቀዝቅዘው፣ ዝንብ ተቀምጦባቸው። ድንች ነጋዴውና መምህሩ ከወጡ ቆይተዋል። ሽማግሌው በአስፋልቱ የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ እያዩ ናቸው።

ከፈልኩ። ከነገ ጀምሮ ሻዬን ቆሜ ነው የምጠጣው።